ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤልና የስልኩ ሽቦ

ከሐረር ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ የሆነው ኤረር በር ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤረር ሸለቆ ያዞረ ነው። የከተማዪቱ ተወላጆች አርጎብ በሪ ይሉታል። ለብዙ ዓመታት የሐረር ታክሲ ሆና ያገለገለችው ፔዦ 404 በዚህ በር አካባቢ ተሳፋሪ ስትጠብቅ ሬዲዮኗ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ያፏጭ ነበር፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥርም ፉጨቱ ይቀጥናል። ባለቤቱ ሬዲዮኑን ይሰድባል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሬዲዮኑ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ሁከት ሐረር የደረሰው ከአውቶሞቢል በፊት፣ ከስልክ ጋር ነው። ስልክን ወደ አገራችን በማስገባት ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣውም የከተማዪቱ ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን ናቸው።

ራስ መኰንን በግንቦት ወር 1844 ዓ.ም በሸዋ፣ ደረፎ ማርያም ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል፣ እናታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘ ወርቅ ናቸው። በዚህም ለዳግማዊ ምኒልክ የአክስት ልጅ ይሆናሉ። በ14 ዓመታቸው አባታቸው ወደ ምኒልክ ግቢ አስገቧቸውና በዚያው አደጉ። በ1879 ዓ.ም የገና ዕለት በጨለንቆ የአሚር አብዱላሂ ጦር ድል ሆኖ ሐረር በምኒልክ እጅ ስትገባ፣ በደጃዝማችነት ማዕርግ የከተማዪቱና የአካባቢዋ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ለሐረር ሕዝብ ያ ዕለት የአሚሮቹ መንግሥት ያከተመበት ነው፤ ስለዚህም የሰውዬው መታሰቢያ በከተማዪቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚያሳየው ሐውልታቸው በሰኔ 2012 ዓ.ም በተነሣው ብጥብጥ ፈርሷል።

የተረከቡት ከተማ ግብፆች ለ10 ዓመት ያህል ይዘውት የቆዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ፈረንሳዊው ነጋዴ የሚመላለስበት፣ ከባሕር በር የሚመጣው ወሬ ሁሉ አስቀድሞ የሚደርስበት ነበረ። መኰንን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ መስማማትን ዐወቁበት። ምኒልክ ለውጭ ጉዳይ ሰው ሲፈልጉ እርሳቸውን መምረጣቸው የሚያስገርም አይደለም።

የውጫሌ ውል በሚያዝያ 1881 ዓ.ም ከተፈረመ በኋላ መኰንን የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ተጓዙ። በመስከረም 1882 ዓ.ም በናፖሊ ተጨማሪውን ውል ፈረሙ፤ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ተስማሙ። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ሲመለሱ ከጓዛቸው መካከል የስልክ መሣሪያ ነበረበት። መሣሪያው መጀመሪያ የተሞከረው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ነው። ሰው በሌለበት ድምፅ ሲሰማ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፣ ምኒልክም እንዳልተቀበሏቸው ይነገራል። መኰንን በዚያው ዓመት ራስ ተባሉ።

አንድ መሐንዲስ ይህን ጉዞ ሲመረምር ሳይታዘብ አያልፍም። በአንድ ጉዞ ሁለት ነገሮች ወደ አገር ገቡ፤ አንዱ የሰውን ቃል ሳይለውጥ ሊያደርስ የተሠራ መሣሪያ፣ ሁለተኛው ቃሉ በመንገድ የተለወጠ ውል። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ አማካይነት መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ሁለቱም ወገኖች በየቋንቋቸው ጥርት አድርገው ሰምተዋል፤ የተሰማው ግን አንድ አልነበረም። ስሕተቱ ራሱን ከሚሰውር ሁከት የከፋ የለም፤ የሚያፏጭ ሽቦ ቢያንስ መታመሙን ይናገራል። የውሉ ነገር የተቆረጠው በጦር ሜዳ ሲሆን፣ ራስ መኰንን በ1888 ዓ.ም በአምባላጌ፣ በመቀሌና በዓድዋ የሐረርን ጦር እየመሩ ተዋግተዋል።

ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር የተዘረጋው ከዚህ ብዙም ሳይቆይ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በቅሎ ነጂ ሳምንታት የሚፈጅበትን መንገድ ቃል በቅጽበት ሊያልፈው ሆነ። ግን ምን ዓይነት ቃል? በዚያ ዘመን ረጅም መስመር በርካሽ ሲዘረጋ ልማዱ አንዲት የብረት ሽቦ በምሰሶ ላይ ሰቅሎ የኤሌክትሪኩን መመለሻ ለመሬት መተው ነበር። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የብረት ሽቦ በኪሎ ሜትር 10 ኦም ያህል ታግዳለች፤ በ477 ኪሎ ሜትር ይህ ወደ 5,000 ኦም ይጠጋል። ድምፅን የሚያጎላው ቫልቭ በስልክ መስመር ላይ የዋለው ራስ መኰንን ካረፉ በኋላ ስለሆነ፣ ከወዲያኛው ጫፍ የሚደርሰው ንግግር የሹክሹክታ ያህል ነው። መሬትም ታማኝ መመለሻ አይደለችም። በበጋ ትደርቅና ሽቦው የተቀበረበት ቦታ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ይላል፤ በክረምት ምሰሶው ይርስና የድምፁ ኃይል በየመንገዱ ወደ መሬት ይሾልካል፤ የሩቅ መብረቅ ሳይቀር በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ይንኮሻኮሻል። የሁለቱ ጫፎች መሬት እኩል ቮልቴጅ ከሌለው ልዩነቱ እንዳለ ከንግግሩ ጋር ይደመራል።

መድኃኒቱ በአሜሪካ አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ጆን ካርቲ የተባለው የቦስተን የስልክ ሠራተኛ በ1873 ዓ.ም ገደማ መሬትን ትቶ በሁለት ሽቦ ቢያገናኝ ሁከቱ ጸጥ አለለት። ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ዓይነት ሁከት ስለሚቀበሉ በጫፉ ላይ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ነገር ግን ሁለተኛ ሽቦ ማለት ሁለተኛ ወጪ ነው፤ ለ477 ኪሎ ሜትር ደግሞ ትንሽ ወጪ አይደለም።

ወደ ኤረር በሯ ፔዦ ስንመለስ፣ በመኪና ውስጥ የመሬትን ቦታ የሚይዘው የመኪናው አካል ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ከአካሉ ጋር ይታሰራል፤ መብራቱም ዲናሞውም ሬዲዮኑም በዚያው ይመለሳሉ። ዝገት ወይም ቀለም የገባበት አንድ መጋጠሚያ 0.01 ኦም ብቻ ቢያግድ፣ የዲናሞው 30 አምፔር ሲያልፍበት 0.3 ቮልት ይፈጥራል። ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው የሙዚቃው ምልክት ብዙ ጊዜ ከ1 ቮልት አይበልጥምና ይህ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ምርመራው በቅደም ተከተል መሄድ አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ሬዲዮኑ ብቻ ሲከፈት ጸጥ ካለ ሁከቱ ከሞተሩ ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየቀጠነ የሚያፏጭ ከዲናሞው፣ ቶሎ ቶሎ የሚንጣጣ ከካንዴላው ነው። አንቴናው ሲነቀል ከጠፋ የመጣው በአየር ነው። የድምፅ መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው ተቀንሶም ካልጠፋ የገባው ከመቆጣጠሪያው ወዲያ ነው። ብዙ ባለሙያ ከዚህ ሁሉ በፊት ማጣሪያ ገዝቶ ይቀጥላል፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ቀለሙን ፍቆ ብሎኑን ማጥበቅ፣ ሬዲዮኑንና አምፕሊፋየሩን በአንድ ነጥብ ማሰር፣ የባትሪውን ሽቦ ከድምፁ ሽቦ አርቆ በሌላው ጎን ማሳለፍ አብዛኛውን ይፈታል።

ራስ መኰንን የሽቦውን ጥቅም ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ሥራቸው ሁሉ ከሩቅ ጋር መነጋገር ነበርና። በ1889 ዓ.ም ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ስለ ሶማሌ ወሰን የተነጋገሩት በዚያችው በሐረር ነው። በ1894 ዓ.ም ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተላኩ። ለሐረርም ሐኪም ቤት አሠሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ በ1886 ዓ.ም ከሞቱባቸው በኋላ ልጃቸውን ተፈሪን በቅርብ ተከታትለው ያሳደጉ አባት ነበሩ።

በ1898 ዓ.ም ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ተነሡ፤ በመንገድ ሕመም ስለ ጠናባቸው ወደ ቁልቢ ተመለሱ። ራሳቸው ካሠሩት የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በመጋቢት ወር ዐረፉ። ልጃቸው ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። አስከሬናቸው ወደ ሐረር ተመልሶ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።