ያኑሽ ኮርቻክ፤ የልጆችን ጽሑፍ ያከበረ መምህር

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላል ያገራችን ሰው። ነገ መምህር እንሆናለን ብለን የምንሠለጥነው እኛም ይህን ተረት ከቤታችን ይዘን ክፍል ድረስ እንገባለን። ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ ስልሳ የድርሰት ደብተር ሰብስበን፣ የተገደፈውን ፊደል በቀይ እስክሪብቶ ከበን፣ ከአሥር አምስት ጽፈን መልሰናል። ልጁ ምን ሊነግረን እንደ ፈለገ ልብ ብለን ያነበብን ግን ስንቶቻችን ነን? መቼም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጥቂቶች ነን።

ዛሬ የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ልጆች ያቦኩትን አልናቀም። ያኑሽ ኮርቻክ ይባላል፤ ፖላንዳዊ ሐኪም፣ ደራሲና የሙት ልጆች አሳዳጊ ነበረ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ኮርቻክ የብዕር ስሙ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሄንሪክ ጎልድሽሚት ሲሆን፣ የተወለደውም በዋርሶ ከተማ ከአንድ አይሁዳዊ ጠበቃ ቤት ነው። አባትየው ልደቱን በጊዜው ስላላስመዘገቡ ዓመቱ አንዳንድ ጊዜ 1878፣ አንዳንድ ጊዜ 1879 ተብሎ ይጻፋል። ፖላንድ ያን ጊዜ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች ትምህርቱ በሩሲያኛ፣ ሥርዓቱም በግርፊያ ነበር። ትንሹ ሄንሪክ አንድ ልጅ በተማሪዎች ፊት ሲገረፍ አይቶ የደነገጠውን ድንጋጤ እስከ እርጅናው አልረሳውም።

ያልረሳው ሌላም ነገር ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ካናሪ የምትባል የቤት ወፉ ሞተችበትና ቀብሮ መስቀል ሊያቆምላት ፈለገ። የግቢው ዘበኛ ልጅ ግን ወፏ እንደ አሳዳጊዋ አይሁዳዊት ስለሆነች መስቀል አይገባትም አለው። ሄንሪክ በአገሩ ልጆች መካከል ለይቶ የሚያስቆም አጥር እንዳለ ያወቀው ያን ዕለት ነው። ይህ አጥር በኋላ እውነተኛ ግንብ ሆኖ እንደ መጣበት ወደ ፊት እናያለን።

አባቱ የአእምሮ ሕመም አድሮባቸው ብዙ ከተሠቃዩ በኋላ በ1896 ሞቱ። ቤቱ ደኸየ። ወጣቱም እናቱን ለመርዳት የሰው ልጆች እያስጠና ገንዘብ ያገኝ ጀመር። እንግዲህ መምህርነትን የጀመረው እንደ ብዙዎቻችን ሁሉ ችግር ገፍቶት ነው ማለት ነው። በ1898 ለአንድ የድርሰት ውድድር ተውኔት ጽፎ ሲያቀርብ፣ ከአንድ የፖላንድ ልብ ወለድ ባለ ታሪክ ስም ወስዶ ያኑሽ ኮርቻክ ብሎ ፈረመ። ዓለም የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው።

በዚያው ዓመት ሕክምና መማር ጀመረና በ1905 ተመረቀ። በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ላይ በሐኪምነት ዘምቶ ሲመለስ በዋርሶ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ ጀመር። ከሀብታሙ ደህና አድርጎ ያስከፍላል፤ ከድኻው በጥቂት ኮፔክ ያልፋል። ስሙም በከተማው ታወቀ፤ መጽሐፎቹም ይነበቡ ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል? ያዳነው ሕፃን ተመልሶ የሚገባው እዚያው ርጥበት ቤትና ርሃብ ውስጥ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ልጅ በዚያው በሽታ ተይዞ ይመጣል። በዚህ የተነሣ ኮርቻክ በ1912 ሆስፒታሉን ትቶ፣ ክሮህማልና በሚባለው መንገድ ላይ የተሠራውን የአይሁድ ሙት ልጆች ቤት በኃላፊነት ተረከበ። አብራው የቆመችው ስቴፋኒያ ቪልቺንስካ የምትባል መምህርት ናት። እሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለዓመታት ሲዘምት ቤቱን ያቆየችው እሷ ነች፤ ስለ እሱ በተጻፈው ሁሉ ውስጥ የእሷ ስም አንሶ መታየቱ ትክክል አይመስለንም።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚመለከተው ነገር እንምጣ።

በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ልጆች ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ፣ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ማስታወቂያ፣ ጥያቄ፣ ምስጋና፣ ክስ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይለጠፋል። ኮርቻክ ከልጆቹ አንዱ እንኳ ማንበብ ባይችል ሰሌዳውን ከመስቀል ወደ ኋላ እንደማይል ጽፏል፤ ልጅ የራሱን ስም እዚያ ላይ ሲያይ ፊደሉን ለማወቅ ይጣደፋልና። ከሰሌዳው ሌላ የደብዳቤ ሣጥን ነበር። አንድ ልጅ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ ጽፈህ ሣጥኑ ውስጥ ጨምር ይባላል። ይህ ልጁን ለመሸሽ የተፈጠረ ዘዴ አይደለም። ልጁ ሲጽፍ ያስባል፤ በጽሑፉና በመልሱ መካከል መታገሥን ይለምዳል፤ ትንሹን ነገር ከትልቁ ይለያል። አፉን ከፍቶ የማይናገረውንም ዓይን አፋር ልጅ ወረቀት ያናግረዋል። መምህሩም በበኩሉ በጩኸት መካከል ያልሰማውን ማታ ረጋ ብሎ ያነበዋል።

ቤቱ የራሱ ጋዜጣም ነበረው። በየሳምንቱ ተዘጋጅቶ በልጆቹ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ደስታውም፣ ጠቡም፣ የአሳዳጊዎች ጥፋትም ሳይቀር ይወጣበታል። በኮርቻክ እምነት ጋዜጣ ያለፈውን ሳምንት ከሚመጣው ጋር ያያይዛል፤ አሳዳጊውንም ይቆጣጠራል፤ ነገ በሁሉም ፊት እንደሚነበብ የሚያውቅ መምህር ዛሬ እጁን ይሰበስባልና። በ1921 ስለ ትምህርት ቤት ጋዜጣ ብቻ የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሷል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስገርመው ግን የልጆች ፍርድ ቤቱ ነው። ዳኞቹ ልጆች ናቸው። ሕጉን የጻፈው ኮርቻክ ሲሆን፣ አንቀጾቹ እስከ 1000 የሚደርስ ቁጥር ነበራቸው። የፊተኞቹ ሁሉ ይቅርታ የሚያደርጉ ሲሆኑ፣ የመጨረሻው 1000ኛው ብቻ ከቤቱ ያስወጣል። በዚህ ችሎት አሳዳጊም ይከሰሳል። ኮርቻክ ራሱ በግማሽ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ራሱን ለፍርድ አቅርቧል፤ አንዴ የልጅ ጆሮ ስለ ቆነጠጠ፣ አንዴ አንዱን ረባሽ ከመኝታ ክፍል ስላስወጣ፣ አንዴም አንዲትን ልጅ በስርቆት ስለ ጠረጠረ። ከዚህ የተማረውን ሲያስረዳ፣ ልጅ ከበደል የሚጠበቀው መምህሩ ደግ ስለሆነ ሳይሆን መምህሩንም የሚይዝ ሕግ ሲኖር ነው ይላል። ደግነት ጧት ይኖርና ከሰዓት በኋላ ሲደክመን ይጠፋል፤ ይህን እኛም በልምምድ ሳምንታት አይተነዋል።

እጩ መምህራንም በዚያ ቤት ቦታ ነበራቸው። ከ1923 ጀምሮ ወጣት ተማሪዎች ማደሪያና ምግብ እያገኙ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ከልጆቹ ጋር ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱ ስለ ልጆቹ ያየውን በደብተር ይጽፋል፤ ስቴፋኒያ አንብባ ከጎኑ አስተያየቷን ትጽፍበታለች፤ በየሳምንቱም ተሰብስበው ይወያያሉ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ኮርቻክ ለመምህራን ንግግር ሊያደርግ ሲገባ አንድ ትንሽ ልጅ ይዞ መጣ። ልጁን ከኤክስሬይ መሣሪያ ኋላ አቁሞ መብራቱን አስጠፋ። በጨለማው ውስጥ የሕፃኑ ልብ በፍርሃት ሲዘል ሁሉም አዩ። ልጅን ለመቅጣት እጃችሁን ስታነሡ ይህን ልብ አስታውሱ ብሎ ትምህርቱን በዚሁ ፈጸመ።

ጥቅምት ወር 1926 ላይ ሐሳቡን ከቤቱ ግድግዳ አውጥቶ ወደ አገሩ ሁሉ አሰፋው። በዋርሶ ይታተም ከነበረ አንድ የአዋቂዎች ጋዜጣ ጋር አብሮ የሚወጣ ማዊ ፕሸግሎንድ፣ ማለትም ትንሹ ቅኝት፣ የተባለ የልጆች ጋዜጣ አቋቋመ። ጋዜጣው ለልጆች የሚጻፍ ሳይሆን ልጆች የሚጽፉት ነበር። ፊደል እገድፋለሁ፣ የእጅ ጽሑፌ አያምርም ብሎ የሚያፍር እንዳይቀር ተነገረ፤ መጻፍ የማይችል መጥቶ በቃሉ ይናገርና ይጻፍለታል ተባለ። ከየከተማው ደብዳቤ ጎረፈ፤ ስለ መምህር በደል፣ ስለ ታናሽ እኅት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ውሻ። ለጸሐፊዎቹም እንደ ማንኛውም ጋዜጠኛ ይከፈላቸው ነበር። ኮርቻክ እስከ 1930 ከመራው በኋላ ኢጎር ኔቨርሊ ለተባለ ወጣት ደራሲ አስረከበ። የመጨረሻው እትም የወጣው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ የሂትለር ጦር ፖላንድን በወረረበት በዚያው ዕለት ነው።

እሱ ራሱ ለልጆች ከጻፋቸው መጻሕፍት የታወቀው በ1920ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ንጉሥ ማቹሽ አንደኛ ነው። አባቱ ሞቶበት በልጅነቱ የነገሠ ብላቴና ለልጆች ፓርላማ ሲያቋቁም፣ አዋቂዎችን ትምህርት ቤት ሲልክ፣ በመጨረሻም በጦርነት ተሸንፎ ሲጋዝ የሚያሳይ ነው። መልካም መጽሐፍ ቢሆንም ነውር የለበትም አንልም። በውስጡ ያሉት አፍሪካውያን ነገሥታት ሰው በላ ተደርገው የተሳሉ ናቸው፤ ይህ የዚያን ዘመን አውሮፓ አመለካከት ሲሆን ኮርቻክም ከዚያ አላመለጠም። በሌላ በኩል ክሉ ክሉ የምትባለው አፍሪካዊት ልጅ ከመጽሐፉ ጎበዝና ደፋር ሰዎች አንዷ ናት። የምናከብረውን ሰው ስናነብ ጉድለቱንም ማየት አለብን።

በ1930ዎቹ ሽማግሌው ሐኪም በሚል ስም በራዲዮ ለልጆች መናገር ጀመረ። ስሙ ያልተነገረው አይሁዳዊ በመሆኑ ነው። ጥላቻው እየከፋ ሲሄድ ዝግጅቱም ተቋረጠ፤ ቆይቶ እንደገና ቢጀመርም ጦርነቱ ደረሰ።

በ1940 መጨረሻ ላይ የዋርሶ አይሁዶች ሁሉ ጌቶ በሚባለው፣ በግንብ በታጠረ ሰፈር ውስጥ ታጎሩ። የሙት ልጆቹ ቤትም ተነቅሎ ወደዚያው ገባ። ልጆቹ የጫኑት ድንች በበሩ ላይ ሲወሰድ ኮርቻክ አቤት ሊል ሄደ፤ አይሁዶች እንዲያስሩ የታዘዘውን የክንድ ጨርቅ አላሰረም ነበርና ተይዞ አንድ ወር ያህል ታሰረ። ሲፈታ ከስልሳ ዓመት ያለፈው ታማሚ ሽማግሌ ከረጢት ይዞ በየቤቱ ለሁለት መቶ ልጆች እህል ይለምን ጀመር። በዚያ ሁሉ መካከል ሰሌዳው፣ ደብተሩና የልጆቹ ችሎት እንዳይቀሩ ጥረት ተደረገ።

ጁላይ 18 ቀን 1942 ልጆቹ የሕንዳዊውን የታጎርን ፖስታ ቤት የተባለ ተውኔት በቤታቸው ሠሩ። ታሪኩ ሐኪም ከቤት እንዳይወጣ ስለ ከለከለው፣ በመስኮቱ አጠገብ ሆኖ ከንጉሡ የሚላክለትን ደብዳቤ ስለሚጠብቅ በሽተኛ ልጅ ነው። ልጁ በመጨረሻ በሰላም ያንቀላፋል። ኮርቻክ ይህን የመረጠው ልጆቹ ሞትን ሳይፈሩ እንዲያዩት ብሎ እንደ ሆነ ይነገራል። ከሦስት ሳምንት በታች ነበር የቀራቸው።

ሌሊት ሌሊት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በመጨረሻው ገጽ፣ በኦገስት 4 ቀን፣ ጧት አበባ ሲያጠጣ ከመስኮቱ ማዶ የቆመ ጠመንጃ የያዘ ጀርመናዊ ወታደር እንደሚያየው ጽፏል። ስለዚያ ወታደርም ማሰብ ይጀምራል፤ ምናልባት በአገሩ የገጠር መምህር ነበረ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ይህን ያነበብን ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም አልን። ያ ወታደር መምህር ከነበረ፣ እሱም እንደኛ የማሠልጠኛ ዲፕሎማ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ልጆቹ ተጠሩ። ኮርቻክን ከግንቡ ለማውጣት የፈለጉ ወዳጆች ነበሩ፤ ኔቨርሊም አንዱ ነው። እሱ ግን ልጆቹን ትቶ አልወጣም፤ ስቴፋኒያም ሌሎቹ ሠራተኞችም አልተለዩም። ተሰልፈው በከተማው መንገድ ወደ ባቡሩ ሄዱ፤ በትሬብሊንካ የመግደያ ሰፈር ሁሉም ተገደሉ። ዛሬ በዚያ ሥፍራ ከቆሙት የመታሰቢያ ድንጋዮች መካከል በሰው ስም የተጻፈው የኮርቻክና የልጆቹ ብቻ ነው።

ማስታወሻው ተርፎ በ1958 ታተመ። አንድዤይ ቫይዳ የተባለው የፖላንድ የፊልም አዘጋጅ በ1990 ታሪኩን በጥቁርና ነጭ ፊልም ሠራው። ፖላንድ በ1978 ያቀረበችው ሐሳብ ደግሞ በ1989 በተባበሩት መንግሥታት የፀደቀ የሕፃናት መብት ስምምነት ሆነ፤ ልጅ ሐሳቡን የመግለጽና የመሰማት መብት በዚያ ውስጥ ተጽፏል። አገራችንም በ1991 ተቀብላዋለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ስምምነቱ ከተፈረመ ቆየ፤ የቀረው ክፍል ውስጥ መግባቱ ነው። ለሚቀጥለው የልምምድ ጊዜ አንድ ነገር እናሳስባለን። በምንመደብበት ክፍል ሁሉ ከካርቶን የተሠራ የደብዳቤ ሣጥን እናኑር፤ የምናገኘውንም በቀይ እስክሪብቶ ሳንነካ መጀመሪያ እናንብበው፤ ለእያንዳንዱም ሁለት መስመር እንኳ ብትሆን መልስ እንጻፍ። ስንመለስ ከልጆቹ ጽሑፍ፣ እነሱ ከፈቀዱ፣ በዚህ ግድግዳ ላይ ቦታ እንሰጠዋለን። የእኛን የአሠልጣኞችንና የሠልጣኞችን ጽሑፍ ገፋ አድርጎ ቦታ ቢያጣብብብን ቅር አይለንም። ያቦኩት ለራት ይበቃ እንደ ሆነ ሳንቀምስ አናውቅም።