እቴጌ መነን እና የትንሣኤ ተስፋ

የጌታችንንና የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ትንሣኤ በምናከብርበት ዕለት፣ ከደስታው ጋር በየቤታችን የምናስባቸው ሙታን አሉን። በተለይም ልጁን የቀበረ ወላጅ የፋሲካው ማዕድ ሲቀርብ ዓይኑ የጎደለውን ይፈልጋል። በዚህ በዓል የእቴጌ መነን አስፋውን ሕይወት መለስ ብለን የምንመለከተው፣ ዘውድ ከእንዲህ ያለው ኀዘን እንደማያድን፣ ሃይማኖት ግን እንደሚያጽናና ስለሚያስረዳን ነው።

እቴጌ መነን ከጃንጥራር አስፋውና የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ስሂን በ1883 ዓ.ም. በወሎ አምባሰል ተወለዱ። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ጋር ተጋብተው ስድስት ልጆች አፈሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ዘውድ ጫኑ።

የመጀመሪያው ኀዘን ከመቀሌ መጣ። ወደዚያ የተዳሩት ልዕልት ዘነበ ወርቅ በአፍላ ዕድሜያቸው ዐረፉ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲወር እቴጌይቱ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። አገራቸው ነፃ ብትወጣ ዘውዳቸውን በቤተ ልሔም ለጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተሳሉ፤ ስእለታቸውም ሲሰምር ቃላቸውን ፈጸሙ።

ይሁን እንጂ ከስደት በተመለሱ በዓመቱ ሌላ ሐዘን ደረሰባቸው። በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ በትዳር ጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ሕሙማንን ለማስታመም የተዘጋጀችው ልጅ በሕክምና እጥረት ዘመን መሞቷ ለወላጆቿ ድርብ ሐዘን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በስማቸው በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች በሚል ስም ይታወቃል። ስንት እናት በዚያ ድናለች! ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ደግሞ ልዑል መኮንን በመኪና አደጋ ሞቱ፤ አምስት ወንዶች ልጆችም አባት አጡ።

እናት ሦስት ልጆቿን ቀብራ እንዴት ትቆማለች? ቤተ ክርስቲያናችን ለሐዘንተኛ እንባን አትከለክልም፤ ተስፋ መቁረጥን ግን ትከለክላለች። ጸሎተ ፍትሐቱ፣ አርባውና ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱም የሞተው ሰው እንዳልጠፋ፣ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳለና በሙታን ትንሣኤ ዳግም እንደሚገናኙት ለወላጅ የሚመሰክሩ ናቸው። እቴጌይቱም በጸሎት፣ በምጽዋትና አብያተ ክርስቲያናትን በማሠራት ዘመናቸውን ፈጽመው የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ።

የመጨረሻው ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ ብዙም ሳይቆዩ ሚያዝያ 16 ቀን በሰሙነ ሕማማት እናታቸውን ተከተሉ። ሚስታቸውን የቀበሩት ንጉሠ ነገሥት በሁለት ወር ከሳምንት ልዩነት ልጃቸውን ቀበሩ። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ፣ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድማ በሆሣዕና ዕለት ትጸልያለች። ስለዚህ ጸሎቱ ከሞቱ ቀድሞ ነበር። በአምስተኛው ቀንም የትንሣኤ በዓል ሆነ።

ዘንድሮ ልጃችሁን በሞት ያጣችሁ ወላጆች፣ የክርስቶስ መቃብር ባዶ መሆኑን የምታበስረው ይህች ዕለት የእናንተም ናት። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።