ሉዊስ ከአሊ ጋር ቢገናኝ

የቦክስ ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፡፡ ጆ ሉዊስና መሐመድ አሊ ሁለቱም በጉልበታቸው ዘመን አንድ ሪንግ ውስጥ ቢገቡ ማን ያሸንፍ ነበር? አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሌላኛው በ2016 ስላረፉ ጥያቄው መልስ የለውም፡፡ መልስ የሌለው ጥያቄ ደግሞ፣ በሕግ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለክርክር ከሁሉ ይመቻል፡፡

የአሊ ደጋፊዎች ብዙ ናቸው፡፡ ባለቀለም ፊልሙ አለ፣ አንደበቱም አለ፡፡ ከሉዊስ ግን ብዙዎቻችን ዘንድ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ዝም ያለውን ወገን መዝገብ እንግለጥ፡፡ በተለይ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰው የምናውቅበት ምክንያት ነበረን፡፡

ጆሴፍ ሉዊስ ባሮው እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1914 አላባማ ውስጥ ተወለደ፡፡ አያቶቹ ባሮች ነበሩ፤ ወላጆቹ የእኩል አራሾች፡፡ ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ሲሆን፣ ገና ጨቅላ ሳለ አባቱ የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ገቡ፡፡ እናቱ ሌላ ባል አግብተው በ1926 ቤተሰቡ ወደ ዲትሮይት ሄደ፡፡ እናት ልጃቸው ቫዮሊን እንዲማር ከጎደሎ ኪሳቸው ገንዘብ ይሰጡት ነበር፡፡ ልጁ ግን ገንዘቡን ቦክስ መለማመጃ ቤት ከፈለበት፡፡

በ1934 ፕሮፌሽናል ሲሆን ሥራ አስኪያጆቹም አሠልጣኙም ጥቁሮች ነበሩ፡፡ እነሱም አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፡፡ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን ቀበቶውን በ1915 ካጣ ወዲህ ሌላ ጥቁር ለዚያ ክብር እንዲጋጠም አልተፈቀደለትም፡፡ ጆንሰን በነጮች ላይ ይስቅ ነበር፤ ነጭ ሴቶችንም አግብቷል፡፡ ስለዚህ ለሉዊስ ደንብ ወጣለት፡፡ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሳ፣ ብቻውን ጭፈራ ቤት እንዳይገባ፣ በጣለው ተጋጣሚ ላይ እንዳይፎክር፡፡ ጥሎ መፎከር ለእኛ የጀግና ወግ ነው፤ ለሉዊስ የተከለከለ ነበር፡፡ ከ30 ዓመት በኋላ አሊ ልቡ እስኪደርስ የፎከረው ሉዊስ ያንን ሁሉ ዘመን አፉን ዘግቶ በከፈተለት በር ገብቶ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም፡፡

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ፡፡ ኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት ተነስቶ፣ ሙሶሊኒ ጦሩን በምሥራቅ አፍሪካ እያከማቸ ነው፡፡ በዚህ መሐል እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1935 ሉዊስ ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ከጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ፡፡ ካርኔራ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ፣ 118 ኪሎ የሚመዝን፣ የቀድሞ ሻምፒዮንና የፋሺስቶች መኩሪያ ነበር፡፡ ሉዊስ 89 ኪሎ፤ ዕድሜው 21፡፡ ከ60 ሺህ የማያንስ ተመልካች ተገኝቷል፡፡ ለሃርለም ጥቁሮች በሪንጉ ውስጥ ኢትዮጵያና ጣሊያን ነበር የተፋጠጡት፡፡ በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወድቆ ዳኛው ግጥሚያውን አቆመ፡፡ (ለካርኔራ ፍትሕ እንስጠው፡፡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበዴዎች ይነግዱበት የነበረ ምስኪን ግዙፍ ነው፡፡)

ሉዊስ ስለ ኢትዮጵያ ሊዋጋ አልወጣም፡፡ የወጣው ለሙያው ነው፡፡ ሆኖም በዚያ ሌሊት የተደሰተው ሕዝብ ለእኛ ገንዘብ ያሰባሰበ፣ ለመዝመትም የተመዘገበ ሕዝብ ነው፡፡ የአሜሪካ ሕግ ለባዕድ ጦር መመልመልን ስለሚከለክል ብዙዎቹ ቀሩ፡፡ የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ግን መጥቶ ለጃንሆይ አየር ኃይል አገልግሏል፡፡ ሉዊስ በሴፕቴምበር 24 ማክስ ቤርን በአራተኛው ዙር ዘረረ፡፡ በዘጠነኛው ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፡፡

በ1936 ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ሉዊስን በ12ኛው ዙር ዘረረው፡፡ ሽሜሊንግ ፊልም ሲመረምር አንድ ጉድለት አግኝቶ ነበር፤ ሉዊስ በግራው ቀጥታ ከመታ በኋላ እጁን ዝቅ ያደርጋል፡፡ ይህን ለክርክራችን ያዙልኝ፡፡ በ1937 ሉዊስ ብራዶክን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ጁን 22 ቀን 1938 ደግሞ ሽሜሊንግን በ124 ሴኮንድ ጨረሰው፡፡ የናዚዎች ምልክት ተደርጎ የተላከው ሽሜሊንግ የፓርቲው አባል አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ሁለት የአይሁድ ልጆችን ደብቆ አትርፏል፡፡

ሉዊስ ቀበቶውን 25 ጊዜ ጠብቋል፤ ሻምፒዮን ሆኖ የቆየውም ከ11 ዓመት በላይ ነው፡፡ የአሊ ደጋፊዎች ግን ከእነዚያ ሁሉ ግጥሚያዎች አንዱን ይመዛሉ፡፡ በ1941 ቀላሉና ፈጣኑ ቢሊ ኮን እስከ 12ኛው ዙር በነጥብ መርቶት ነበር፡፡ ኮን በ13ኛው ልዘርረው ብሎ ሲቀርብ ተዘረረ እንጂ፡፡ አሊ እንደ ኮን ፈጣን፣ ከኮን ግን እጅግ ከባድና ረጅም ነው፡፡ ጥሩ መከራከሪያ ነው፤ አልክድም፡፡

የሉዊስ ደጋፊዎች መልስ ደግሞ አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ በመለጠጥ ከቡጢ የማምለጥ ልማድ ስለነበረው፣ ሄንሪ ኩፐር በ1963፣ ጆ ፍሬዘር በ1971 ከጎን በመጣ የግራ ቡጢ መሬት አስነክተውታል የሚል ነው፡፡ የሉዊስ ግራ ከሁለቱም አጭርና ፈጣን ነበር፡፡

ተከራካሪዎች የሚዘሉት ሌላ ነገር አለ፡፡ በ1942 ሉዊስ ከሁለት ግጥሚያዎች ያገኘውን ክፍያ ለባሕር ኃይልና ለምድር ጦር መረዳጃ ሰጠ፤ ወታደርም ሆነ፡፡ ያገለገለው ጥቁርና ነጭ በተለያየበት ጦር ነው፡፡ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ግን የሰጠውን ገንዘብ እንደ ገቢው ቆጠረበት፡፡ ሒሳብ ያዦቹ ሰነፎች፣ እሱም እጁ የማይጨበጥ አባካኝ እንደነበረ አልሸሽግም፡፡ ዕዳው በ1950 ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር አልፎ፣ ወለዱ ተጨምሮ ከሚሊዮን ተሻገረ፡፡ በከፍተኛ ገቢ ላይ የሚጣለው ግብር 90 ከመቶ ገደማ በነበረበት ዘመን ሠርቶ መክፈል ዘበት ነው፡፡ በ36 ዓመቱ ጡረታውን ትቶ ተመለሰ፤ በ1950 በኤዛርድ ቻርልስ በነጥብ ተሸነፈ፡፡ በ1951 ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር በገመዶቹ መሐል አስወጣው፡፡ እናቱ በ1953 ሲሞቱ የተዉለት 667 ዶላር እንኳ ለግብር ተወሰደ፡፡

ያንን የ1951 ፊልም ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ተከራካሪ ካለ አልቀበለውም፡፡ ሪንግ ውስጥ የነበረው ባለዕዳ ነው፡፡

አሊም በ1967 ለውትድርና አልመዘገብም ብሎ ማዕረጉን ተነጠቀ፤ የወጣትነቱ ሦስት ዓመት ተኩል ባከነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1971 በ8 ድምፅ ነፃ አለው፡፡ ሉዊስም ከ1942 እስከ 1946 ለማዕረጉ አልተጋጠመም፡፡ አንዱ ሄዶ፣ ሌላው አልሄድም ብሎ፣ ሁለቱም ምርጥ ዓመታቸውን ለመንግሥት ከፍለዋል፡፡ በሕይወት ሳሉ ግን በዚሁ አልተግባቡም፡፡ ሉዊስ የአሊን እምቢታ ነቀፈ፤ አሊም ሉዊስን የነጮች አገልጋይ ብሎ ሰደበው፡፡ ለእኔ አሊ ከተናገረው ሁሉ የከፋው ይኸ ነው፡፡

በነገራችን ላይ፣ በ1967 አንድ የማያሚ አዘጋጅ ሻምፒዮኖችን በኮምፒዩተር አጋጥሞ ውጤቱን በሬዲዮ ሲያስተላልፍ፣ ማሽኑ አሊን በጥንቱ ጂም ጄፍሪስ አስሸነፈው፡፡ አሊም በስም ማጥፋት የ1 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ፡፡ ጉዳዩ በስምምነት ማለቁ ያሳዝናል፤ ባልተካሄደ ግጥሚያ ስለመሸነፍ ካሣ ፍርድ ቤት ምን ይል እንደነበር ባነበብኩ፡፡

ሉዊስ በመጨረሻ ላስቬጋስ ውስጥ የቁማር ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ኖረ፡፡ ኤፕሪል 12 ቀን 1981 በ66 ዓመቱ ሞተ፤ በዋዜማው ምሽት በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ የላሪ ሆምስን ግጥሚያ ተመልክቶ ነበር፡፡ በአርሊንግተን የጀግኖች መቃብር ሲቀበር ለቀብሩ ወጪ ካዋጡት አንዱ ሽሜሊንግ ነው፡፡

ወደ ፍርዱ ልመለስ፡፡ የ1938ቱ ሉዊስ ከ1966ቱ አሊ ጋር፣ 15 ዙር፡፡ አሊ ግራ ቀኝ ይዞራል፣ ነጥብ ይለቅማል፤ የሉዊስ ዝቅ የምትለዋን ግራ እጅ አይቶ በቀኙ ያገኘዋል፡፡ ወደ አሥረኛው ዙር ላይ ሉዊስ ይጥለዋል፡፡ አሊ፣ በፍሬዘር ቡጢ ወድቆ እንደተነሳው ሁሉ፣ ይነሳል፡፡ በሁለት ዳኞች ድምፅ ለአሊ ይወሰናል፡፡ ሦስተኛው ዳኛ በልዩነት ለሉዊስ ይሰጣል፤ ዳኛው የየት አገር ሰው እንደሆነ ግን አልናገርም፡፡