ዴቪድ ዴቪስና የባቡር ሐዲድ ሥራው

በዌልስ ስለ ባቡር ሐዲድ ሥራ ሲወሳ በቀዳሚነት ከሚጠሩት ስሞች አንዱ የሥራ ተቋራጩ የዴቪድ ዴቪስ ስም ነው። ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1818 በሴቨርን ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በላንዲናም መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከዘጠኙ ልጆች የመጀመሪያው በመሆኑም በ11 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከአባቱ ጋር ግንድ ይሰነጥቅ ጀመር። የምህንድስና ትምህርት አልተማረም፤ ሆኖም ግንድ ገዝቶ፣ ሰንጥቆ መሸጥ ወጪንና ጥቅምን አስቀድሞ ማመዛዘንን የሚጠይቅ ሥራ ነውና ይህ ልምድ ኋላ ለተቋራጭነቱ ስንቅ ሆነው።

እ.ኤ.አ. በ1846 በመንደሩ ለሚሠራው የብረት ድልድይ መሠረቱንና መዳረሻ መንገዱን እንዲሠራ ውል ተሰጠው። ከዚያም ወደ ሐዲድ ሥራ ተሻገረ። ላኒድሎስን ከኒውታውን ጋር የሚያገናኘው መስመር በእርሱ ተቋራጭነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1859 ሲከፈት፣ የትውልድ መንደሩ ላንዲናምም የባቡር ጣቢያ አገኘች።

ከሁሉ የከበደው ሥራ የገጠመው ከኒውታውን ወደ ማኸንሌዝ በሚወስደው መስመር ላይ ነው። ታለርዲግ በተባለው ስፍራ መንገዱን የዘጋውን አለት 37 ሜትር ያህል ወደ ታች አስቆርጦ ለባቡር መተላለፊያ አወጣለት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1862 ሲፈጸም በዘመኑ በዓለም ላይ ከነበሩት የዚህ ዓይነት ቁፋሮዎች ጥልቁ ተባለ። ከአለቱ የተፈነቀለውንም ድንጋይ ለመስመሩ ድልድዮች ግንባታ አዋለው። በምዕራብ ዌልስ በትሬጋሮን ረግረግ ላይ ሐዲድ ሲዘረጋ ደግሞ መሬቱ እንዳይከዳው የበግ ጠጉር እሽግ ከሥሩ አስነጠፈ። በጎች በሚረቡበት በዚያ አገር ጠጉር በቅርብ የሚገኝ ዕቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1864 በሮንዳ ሸለቆ የድንጋይ ከሰል ፍለጋ ጀመረ። ገንዘቡ ሊያልቅ ተቃርቦ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1866 ከሰሉ ተገኘ። የካርዲፍ ወደብ ለከሰሉ ጭነት በመጥበቡም ከሌሎች ባለ ማዕድኖች ጋር ሆኖ የባሪን ወደብ አሠራ፤ ወደቡም እ.ኤ.አ. በ1889 ተከፈተ። ዴቪስ በተከታዩ ዓመት ዐርፎ በላንዲናም ተቀበረ።

የመኪና መንገድ ተስፋፍቶ የገጠር ባቡሮች ተሳፋሪ ባጡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ የላንዲናም ጣቢያ ለተሳፋሪ ተዘጋ። የታለርዲግም ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1965 ተከተለው። ወደ አበሪስትዊዝ የሚሄዱት ባቡሮች ግን ታለርዲግ ላይ ሳይቆሙ ዛሬም በዚያው ቁርጥ አለት መካከል ያልፋሉ። ጣቢያ ተሳፋሪ እስካለው ድረስ ይኖራል፤ በሚገባ የተቆረጠው አለት ግን ጣቢያውን ካቆሙትም ከዘጉትም ሰዎች ዕድሜ አልፎ ያገለግላል።