ከሣር ጎጆ ውስጥ የተገኘ ዕውቀት፤ የዶክቶር አሌክሳንደር ይርሲን ሕይወት

ቸነፈርን ያህል የሰውን ልጅ የፈጀ በሽታ ጥቂት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት አውሮፓን በወረረ ጊዜ ከሕዝቡ ሲሶውን ያህል እንደ ጨረሰ ይገመታል። የዚህን ጠላት መልክ ለይቶ ያሳየው ሐኪም አሌክሳንደር ይርሲን ነው።

ይርሲን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር ተወለደ። አባቱ ልጁ ሳይወለድ ስለ ሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት። ሕክምና ተምሮ በፓሪስ ከሉዊ ፓስተር ቤተ ሙከራ ገባ፤ በ1888ም ከኤሚል ሩ ጋር ሆኖ የዲፍቴሪያን መርዝ ለይቶ አስታወቀ። ስሙ መታወቅ በጀመረበት ጊዜ ግን ፓሪስን ትቶ በ1890 በመርከብ ሐኪምነት ወደ ኢንዶቺን ሄደ።

በ1894 ቸነፈር ሆንግ ኮንግ ገባ። ይርሲን ለምርመራ ተልኮ በሰኔ ወር ሲደርስ፣ ስመ ጥሩው የጃፓን ሊቅ ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በጥቂት ቀን ቀድሞት ነበር። ሹማምንቱም አስከሬኖቹን ለኪታሳቶ ፈቅደው ይርሲንን ከለከሉት። እርሱ ግን ተስፋ ቆርጦ አልተመለሰም። በሆስፒታሉ አጠገብ የሣር ጎጆ አሠርቶ፣ ሬሳ ለሚቀብሩት መርከበኞች ጥቂት ገንዘብ እየሰጠ በሽታው ከሚያወጣው ንፍፊት ናሙና ወሰደ። በማይክሮስኮፕ ቢመለከት ጫፋቸው ድቡልቡል የሆነ፣ አጭር በትር የሚመስሉ ተሐዋስያን ሞልተውበት አገኘ። ግራም በሚባለው ዘዴ ቀለም ቢቀባቸውም ቀለሙን አልያዙም። ኪታሳቶም በዚያው ሰሞን ተሐዋሱን ማየቱን ቢያስታውቅም፣ በዚህ በቀለሙ ነገር የሰጠው ቃል የጠራ አልነበረም።

ይርሲን የማሞቂያ ሣጥን አልነበረውም። ነገር ግን ይህ ተሐዋስ ከሰውነት ሙቀት ይልቅ በ28 ዲግሪ ገደማ ደኅና አድርጎ ስለሚያድግ፣ ድህነቱ ሳይጠቅመው እንዳልቀረ የሚገምቱ አሉ። በየመንደሩ ሞተው በተገኙት አይጦች ውስጥም ያንኑ ተሐዋስ አየ። ከአይጥ ወደ ሰው የምታሻግረው ቁንጫ መሆንዋን ደግሞ በ1898 ፖል ሉዊ ሲሞን አስረዳ።

ይርሲን በዚህ አላበቃም። በ1896 ባዘጋጀው ሴረም በካንቶን አንድ የታመመ ተማሪ አዳነ። በ1902 የሐኖይ ሕክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነ። በኋላም በኛ ትራንግ ተቀምጦ የጎማ ዛፍና የወባ መድኃኒት የሚወጣበትን የኪና ዛፍ አለማ፤ ድሆችንም ያለ ዋጋ ያክም ነበር። በ1943 ዓ.ም. በተወለደ በ79 ዓመቱ በዚያው አረፈ።

ተሐዋሱ ለብዙ ዘመን በፓስተር ስም ሲጠራ ኖረ። ይርሲን በሞተ በዓመቱ፣ በ1944፣ የተሐዋሱ ወገን ይርሲኒያ ይባል ዘንድ ሐሳብ ቀረበ፤ ስሙም ጸና። ባለቤቱ ይህን ክብር አላየውም። በሥራ ላይ ያለ ወጣት ሁሉ በሩ ሲዘጋበት ይህችን የሣር ጎጆ ሊያስባት ይገባል።