ኤጋስ ሞኒዝ እና የአንገትና የአንጎል ደም ቅዳዎች የራጅ ምስል

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ራስ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ደም ቅዳ መጥበቡን ወይም መደፈኑን ሐኪሙ የሚያረጋግጥበት መንገድ ጠባብ ነበር። የአንገትንና የእጅ አንጓን ትርታ በጣት ይዳስሳል፤ ሁለቱን ወገን ያነጻጽራል፤ ከዚያ ያለፈውን የሚገልጠው የአስከሬን ምርመራ ብቻ ነበር። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ራምሴ ሃንት በ1914 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በስትሮክ የተመታ ሰው ሁሉ የአንገቱ ደም ቅዳዎች እንዲዳሰሱ ቢያሳስቡም፣ ጣት የራስ ቅልን አልፎ ሊዳስስ አይችልም። ይህን እንቅፋት የተሻገሩት ፖርቱጋላዊው አንቶኒዮ ኤጋስ ሞኒዝ ናቸው።

ሞኒዝ በ1874 በአቫንካ ተወለዱ። በኮይምብራ ሕክምና ተምረው በ1911 በሊዝበን የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። ለረጅም ጊዜ ግን ይበልጥ የሚታወቁት በፖለቲካው ነበር፤ የምክር ቤት አባል፣ በማድሪድ የአገራቸው መልእክተኛ፣ በ1918ም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ወደ ምርምር ሙሉ በሙሉ የተመለሱት ዕድሜያቸው ሃምሳ ሲደርስ ነው።

ሐሳባቸው ቀላል ይመስላል። ራጅ ደምን ከአካባቢው ሥጋ ለይቶ አያሳይም፤ ስለዚህ ራጅን የሚያግድ ፈሳሽ በአንገት ደም ቅዳ ውስጥ ገብቶ ወደ አንጎል ሲፈስ ምስሉ ቢነሣ፣ የቧንቧዎቹ ቅርጽ ይታያል። አስቸጋሪው አንጎልን የማይጎዳ ፈሳሽ ማግኘቱ ነበር። በአስከሬንና በውሾች ላይ ከሞከሩ በኋላ በታማሚዎች ላይ ስትሮንቲየም ብሮማይድን ተጠቀሙ፤ ከታማሚዎቹ አንዱ ሕይወቱ አለፈ። ሥራው ለጊዜው ቆመ፤ ከዚያም ፈሳሹ በ25 በመቶ ሶዲየም አዮዳይድ ተተካ። ሞኒዝ እጃቸው በሪህ የተጎዳ በመሆኑ መርፌውን የሚወጉት ረዳታቸው አልሜዳ ሊማ ነበሩ። በሰኔ ወር 1927 በሕይወት ያለ ሰው የአንጎል ደም ቅዳዎች በግልጽ ታዩ።

የመጀመሪያው ዓላማ ዕጢ ያለበትን ቦታ ማወቅ ነበር፤ ዕጢ ደም ቅዳዎችን ከቦታቸው ይገፋልና። የተደፈነ ቧንቧ ግን የራሱ ምልክት አለው፤ ፈሳሹ እስከ አንድ ነጥብ ደርሶ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። በ1937 ሞኒዝና ባልደረቦቻቸው የውስጠኛው የአንገት ደም ቅዳ የተደፈነባቸውን አራት ታማሚዎች በዚህ መንገድ ለይተው አሳተሙ። የግማሽ አካል ሽባነት መነሻው አንጎል ውስጥ ሳይሆን አንገት ላይ ሊሆን እንደሚችል በሕያው ሰው ታየ።

ዋጋው ግን በዚያ አላበቃም። ከ1931 ጀምሮ የተጠቀሙበት ቶሮትራስት ለታማሚው የማይከብድና ጥሩ ምስል የሚሰጥ ነበር፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ቶሪየም ጨረር አመንጪ በመሆኑና በጉበት ውስጥ ስለሚቀር፣ ከዓመታት በኋላ ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋገጠ።

በ1949 የኖቤል ሽልማትን የተጋሩት በዚህ ሥራ አይደለም። የተሸለሙት የአእምሮ ሕሙማንን አንጎል በሚቆርጠው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ያ ቀዶ ሕክምና ዛሬ የተተወና ብዙ የተወገዘ ነው። ሽልማቱ ለምስሉ ቢሰጥ ኖሮ ዛሬ የሚከራከርበት ባልኖረ ነበር። የጠበበውን የአንገት ደም ቅዳ በቀዶ ሕክምና የመጠገኑ ሥራ በለንደን በ1954 ሲታተም ሞኒዝ በሕይወት ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት በሊዝበን አረፉ።

በ1960 ደግሞ ጣሊያናዊው ኮንቶርኒ ወደ ክንድ የሚሄደው ደም ቅዳ በተደፈነ ጊዜ፣ በአከርካሪ በኩል ወደ አንጎል መውጣት የሚገባው ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ክንድ እንደሚወርድ በዚሁ ዘዴ በተነሣ ምስል አሳዩ።