የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወትና ክብር፤ በውጭ አገርና በአገር ቤት



በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ የቀረበው ርእስ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አብልጠው የተከበሩት በውጭ አገር ነው ወይስ በገዛ አገራቸው የሚል ነበር። ዕጣ ሲወጣ ለእኔና ለሁለት ጓደኞቼ በውጭ አገር የሚለው ወገን ደረሰን። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ያህል የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ ሳነብ ሰነበትሁ። ያገኘሁትን ታሪክና በክርክሩ ቀን የደረሰብኝን በዚህ መጽሔት ለማካፈል ብዕሬን አነሣሁ።

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፥ እጀርሳ ጎሮ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው በአድዋ ጦርነት ስማቸው የታወቀው ራስ መኰንን፥ እናታቸውም ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ናቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው እናታቸው፥ ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላቸው አባታቸው ሞቱባቸው። በልጅነታቸው ከአገራችን ትምህርት ሌላ የፈረንሳይኛ ቋንቋን ተማሩ። በ1902 ዓ.ም. የአባታቸውን ግዛት ሐረርን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ፥ ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዓይናቸው ወደ ውጭም ይመለከት ነበር። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት የአውሮፓን አገሮች ጎበኙ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሲጭኑም ከብዙ አገር የተላኩ እንግዶች አዲስ አበባ ተገኝተው ነበር።

ነገር ግን ስማቸውን በዓለም ሁሉ ያስጠራው የዘውዱ ቀን ሳይሆን የመከራው ቀን ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ገባ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦራችን ድል ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ተሰደዱ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆሙ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ሲያፏጩና ሲሳደቡ፥ እርሳቸው እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያም በአማርኛ ስለ መርዙ ጢስ፥ ስለ ተቃጠለው ሕዝብና በትንሽ አገር ላይ የሚደርሰውን ግፍ አይቶ ዝም ማለት በኋላ ለሁሉ እንደሚተርፍ ተናገሩ። ጉባኤው አልረዳቸውም፤ እንዲያውም በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ቅጣት ወዲያው አነሣ። ይሁን እንጂ ከሦስት ዓመት በኋላ አውሮፓ ራሷ በጦርነት ስትነድ፥ እውነቱን አስቀድሞ የተናገረው ማን እንደ ነበረ ብዙ ሰው አስታወሰ።

በአገር ቤት ግን ያ ስደት በሌላ ዓይን ይታይ ነበር። እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉ ሰዎች ንጉሥ አገሩን ትቶ መሄድ አይገባውም ብለው ተቃውመው ነበር። አርበኞች በየጫካው አምስት ዓመት ተዋጉ። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ተቀምጠው ቆይተው፥ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ደረሱ። ከድል በኋላ ከአርበኞች አንዳንዶቹ ተሾሙ፥ አንዳንዶቹም ተረሱ። ስመ ጥሩው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ በጎጃም በኀዘን ይወሳል።

ከነጻነት በኋላ ትምህርትን ለማስፋፋት ብዙ ደከሙ። የትምህርትን ሚኒስቴር ለብዙ ዘመን በራሳቸው እጅ ይዘው ቆዩ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በውጭም ክብራቸው እየጨመረ ሄደ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት አስተናጋጁ እርሳቸው ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር ከዓለም መሪዎች ፊት ተሰልፈው ሄዱ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲደርሱ፥ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ስለ ከበበው ወዲያው መውረድ አልቻሉም። የሱዳንን ወንድማማቾች ጦርነት ለማቆም የተደረገውም ስምምነት በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተፈረመ።

በዚያው ዘመን በአገር ቤት ሌላ ነገር ይበስል ነበር። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ብራዚልን ሲጎበኙ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥቱን ለመገልበጥ ተነሡ። ግርማሜ በአሜሪካ የተማሩ ሰው ነበሩ። ሙከራው ቢከሽፍም ጥያቄው አልሞተም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እንዲሰጥ እየጠየቁ ወደ አደባባይ ወጡ። በባሌና በጎጃም ገበሬዎች አመፁ፤ በኤርትራም ጦርነት ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ያሠሯቸው ትምህርት ቤቶች ያፈሯቸው ልጆች ቀድመው ጠየቋቸው።

እስከዚህ ድረስ ለክርክሩ ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ቀላል ነበር። ከክርክሩ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማታ፥ ከእኛ ጋር ለምትኖረው አያቴ ስለ ጄኔቭ ያጠናሁትን አነበብሁላት። አያቴ የወሎ ሰው ናት። በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ እህል ሲያልቅ፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር በእግር ወደ ደሴ መንገድ ወጣች። ወንድሟ ደሴ ሳይደርስ ሞተ፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ከምረው ቀበሩት። አያቴ ንጉሠ ነገሥቱን ስትረግም ሰምቼ አላውቅም፤ ምስላቸው ያለበት አንድ ሳንቲም እንኳ በሣጥኗ አኑራለች። አንብቤ ስጨርስ ግን፥ ለዓለም ሕዝብ እንዲህ አድርገው መናገር የሚያውቁ ጌታ የእኛን ለማን ነገሩልን ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ስለ ወሎ ረኃብ ማንበብ ጀመርሁ። ባለሥልጣኖች ነገሩን ለመሸፈን ሞከሩ፤ በዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ያሰቡ ይመስላል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ አገር ታየ። በዚያ ረኃብ ያለቀው ሕዝብ በብዙ አሥር ሺሕ ይቆጠራል። በየካቲት ወር አብዮቱ ፈነዳ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀጥሎ በቴሌቪዥን ለሕዝብ ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በሕመም እንደ ሞቱ ተነገረ፤ ኋላ ግን በደርግ ባለሥልጣኖች ላይ በተካሄደው ክስ መገደላቸው ተገለጸ። ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጥቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።

በክርክሩ ቀን የእኛ ወገን አሸናፊ መሆኑ አይቀርም ብለን ነበር። እኔም ስለ ጄኔቭ ደኅና አድርጌ ተናገርሁ፤ ተጨበጨበም። ከዚያ በኋላ ግን የአያቴን ጥያቄና የወንድሟን ነገር ሳልናገር መቀመጥ አልቻልሁም። ተናገርሁት። ጓደኞቼ እጅግ ተቈጡ፤ ዳኞችም ድሉን ለተቃራኒው ወገን ሰጡ። አንዱ ጓደኛዬ ሳምንት ሙሉ አላነጋገረኝም፤ አሁን ታርቀናል።

እኔ የተረዳሁት ይህን ነው። የውጭ ሰው ንጉሥን የሚያየው በአንድ ታላቅ ቀን ነው፤ የአገሩ ሰው ግን በየቀኑ፥ በእርሻውና በማጀቱ ያየዋል። ስለዚህ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ዛሬም እንደዚሁ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልታቸው ቆመ፤ በ2012 ዓ.ም. ግን በለንደን መናፈሻ የነበረው ምስላቸው በተቃዋሚዎች ተሰበረ። በጄኔቭ የተናገሩት ቃል ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን በወሎ መንገድ ላይ ለወደቁትም ያን ጊዜ የሚናገርላቸው ያስፈልጋቸው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፥ የተደበቀው ረኃብ ሕዝቡንም ዙፋኑንም ጎዳ።

ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፥ ነገ ከእኛ መካከል ሹም የሚሆን አይጠፋም። ያን ጊዜ በውጭ አገር ስንመሰገን፥ በአገር ቤት ማን ዝም እንዳለና ለምን ዝም እንዳለ መጠየቅን እንዳንረሳ አሳስባለሁ። ወላጆችና አያቶቻችሁ ያዩትንም ሳይረፍድ ጠይቁ። እኔ የአያቴን ወንድም ስም የሰማሁት በዚህ ክርክር ምክንያት ነው።